ሼህ ይማምን ከገጽ ወደ ገጽ ሳሻግር

አንድ ሽማግሌ ከአንድ የስልክ ገጽ ወደ ሌላው ማሻገር ቀላል ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር። ሼህ ይማም የሚባሉ የሰባ ዓመት ሰው ያን ሁሉ አገር አቋርጠው፣ ጥይቱንም ዳገቱንም አልፈው፣ መርሳ በሰላም ከገቡ በኋላ መዳፌን በምታህል ስልክ ውስጥ ከአንደኛው ገጽ ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ጠፉ። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ልደብቅ ብል እንኳ መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ መናኸሪያው ላይ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል።

ሥራዬ እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ስልክ መጠገን ነው። ወልድያ ሄጄ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ አፕ መሥራትን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ድሮ ይህንን የምናገረው በኩራት ነበር፤ አሁን ይቅርታ ስጠይቅ ነው የምጠቀምበት። ከጦርነቱ በፊት የመርሳን የማንጎ ዋጋ በየቀኑ የሚናገር አፕ ሠርቼ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ሁለት ነበርን፣ እኔና እናቴ። እናቴ ደግሞ ማንጎ የምትበላው ከጓሮዋ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ከላይ ወደ እኛ ወረደ። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ኋላም ከወልድያ ሰው በጭነት መኪና፣ በባጃጅ፣ በአህያ፣ በእግሩ ጎረፈ። ትምህርት ቤቱ ሞላ። መጋዘኑ ሞላ። መጠለያ ሲታጣ ቅሬው ተነሣ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ሬሳ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ ያን ሰሞን ደግሞ ሰውን በየሰው ቤት ማሳደር ጀመረ። ከመርሳም ከጎረቤቷ ከውርጌሳም ቤት ያለው እየመጣ «እኔ ሁለት ሴት እችላለሁ»፣ «እኔ አንድ ወንድ»፣ «እኔ እናትና ልጅ» እያለ ያስመዘግባል። የቅሬው ዳኛ ሐጂ እንድሪስ ደግሞ የመጣውን ሰው ስም በደብተር ጽፈው፣ ጺማቸውን እየዳበሱ ጥቂት ያስቡና «አንቺ እነ እገሌ ቤት» ይላሉ። ሥራው በደብተር ደኅና ይሄድ ነበር። ችግር የመጣው እኔ ያየሁት ጊዜ ነው።

«ሐጂ፣ ይሄን በስልክ እናድርገው። አፕ ልሥራልዎት» አልኳቸው።

«ደብተሩ ምን ሆነ?»

«ደብተር ይሳሳታል። ማሽን አይሳሳትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ይህችን ቃል ተናግሬ አፌን ሳልዘጋ ዙሪያውን የነበሩት የቅሬው ሽማግሎች በሙሉ ሰሙኝ፤ ሐጂ እንድሪስም ደብተሩን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ።

«ተፈናቃይ የሚል ቃል እንዳትጽፍ። እንግዳ በል። እኛ ዘንድ የመጣ ሰው እንግዳ ነው።»

«እሺ ሐጂ» አልኩ። በአፑ ውስጥ ትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

አፑ ሁለት ገጽ ነበረው። በመጀመሪያው ገጽ እንግዳው ይመዘገባል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የልጅ ብዛት፣ የመጣበት ቦታ። ከዚያ «ቀጥል» የሚለውን ስትነኩ ሁለተኛው ገጽ ይከፈትና ለዚያ እንግዳ የሚሆነውን ቤት ራሱ ፈልጎ ያመጣል። በወሬ ደረጃ እንዴት ያምራል! ለሽማግሎቹ ሳስረዳ ራሴን በራሴ አደነቅኩ።

በነጋታው የቅሬው ግቢ በሰው ግጥም ብሏል። መጀመሪያ አንዲት እናት ተቀመጠች። ስሟን ጻፍኩ፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ፣ «ቀጥል» አልኩ። አፑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ተኛ እንዴ?» አሉ ሐጂ እንድሪስ።

«አይ፣ እየተነሣ ነው።»

እንደገና ጻፍኩ። እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ሴትዮዋ «እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት? ልነሣለት?» ብላ አዘነችልኝ። ከቤቷ በጥይት የተባረረች ሴት ለእኔ አፕ ስታዝን መስማት ምን ያህል እንደሚያሳፍር አትጠይቁኝ።

ጣጣው ምን መሰላችሁ? ሁለቱ ገጾች አይተዋወቁም። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያይም። በመካከላቸው የሚመላለስ አንድ ተላላኪ ነው ያለው፣ እሱም የሚሸከመው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ቁጥር ስጡት፣ ይሸከማል። ቃል ስጡት፣ ይሸከማል። እኔ ግን ከራሴ ፈጥሬ «እንግዳ» የሚባል ነገር ነው ያሸከምኩት፤ ስሙም ዕድሜውም ልጆቹም አንድ ላይ የታሰሩበት። ተላላኪው እንዲህ ያለ ጭነት አይቶ አያውቅም። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጥሎት አብሮ ወደቀ።

ይህንን ለሐጂ እንድሪስ ስነግራቸው ብዙ አላስቸገሩኝም። «ታዲያ የማያውቀውን ለምን ታሸክመዋለህ? የሚያውቀውን ስጠው» አሉ።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ምክራቸውን ቃል በቃል ሥራ ላይ አዋልኩት። «እንግዳውን ትቼ ስሙን ብቻ ልላክ፤ ሁለተኛው ገጽ በስሙ መዝገቡን ይፈልገውና ያገኘዋል» አልኩ። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። እኛ ወረዳ ሀብሩ ውስጥ ግን ገበያ መሐል ቆማችሁ «ሰይድ መሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያ ዞሮ «አቤት» ይላችኋል። ያን ዕለት አምስት ሰይድ መሐመድ ተመዘገቡ። ሁለተኛው ገጽ ሰይድ መሐመድ የሚለውን ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘውን እያነሣ፣ አምስቱንም አንድ ሰው አድርጎ፣ አምስቱንም «አንድ ወንድ እችላለሁ» ወዳለ ልብስ ሰፊ ቤት ላካቸው።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ሐጂ፣ አንዱን ሰይድ መሐመድ በደስታ። አምስቱን ግን የት ላስተኛቸው? ደግሞስ አንዱን ስጠራ አምስቱም አቤት እያሉ ቤቱን አናወጡት እኮ!»

ሐጂ እንድሪስ ሣቁ። ሣቃቸው ውስጥ ግን እጃቸው ወደ ኮታቸው ኪስ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ወደ ደብተሩ። «አንድ ቀን ይታገሱኝ» አልኳቸው።

ይሄኔ ነው ዋናው ጥፋት የመጣው። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጄኔሬተር ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ስለነበር ኮምፒውተሬን ይዤ እዚያ ገባሁ። ዱቄት እየነሰነሰብኝ፣ ወፍጮው ጆሮዬን እየበጠሰ፣ መጽሐፉ የሚለውን ትክክለኛውን መንገድ ያዝኩ። እንግዳውን በትክክል ለማሻገር መፍታት ነው። ስሙን ለብቻ፣ ዕድሜውን ለብቻ፣ የልጁን ብዛት ለብቻ አውጥታችሁ በጆንያ ትከቱና ለተላላኪው ትሰጡታላችሁ። በወዲያኛው ገጽ ደግሞ ከጆንያው እያወጣችሁ እንግዳውን መልሳችሁ ትገጣጥሙታላችሁ። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ በከተታችሁበት ተራ ነው የምታወጡት። ወፍጮ ቤት ቀድሞ የገባ እህል ቀድሞ ዱቄት ይሆናል፤ ተራውን ያዛባ የሰው ማሽላ ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህ ሕግ ዓይኔ ሥር ቀኑን ሙሉ እየተሠራበት፣ ሰዎች በተራ እየተጨቃጨቁ፣ እኔ ምንም አልተማርኩም።

የወፍጮው ባለቤት «ነዳጅ አለቀ፣ ላጠፋው ነው» ሲለኝ ተጣደፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስከት፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የልጅ ብዛት ብዬ ከተትኩ። ሳወጣ፣ ስም፣ የልጅ ብዛት፣ ዕድሜ ብዬ አወጣሁ። ተላላኪውም ትንፍሽ አላለ። ለእሱ ቁጥር ቁጥር ነው፤ የዕድሜ ይሁን የልጅ ምን ቸገረው?

ሐሙስ ጠዋት አፑ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አይጠፋም፣ አይቆምም። አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛው ገጽ ያመጣልኝን እያየሁ ስም፣ ዕድሜና ቤት በቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ፤ እንግዳው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ዕድሜ አራት። ዕድሜ ሁለት። ዕድሜ አምስት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ያህል ሕፃን ነው ብቻውን የመጣው!» ብዬ ሆዴ ባባ። ቀና ብዬ ግን አላየሁም። የሃያ ስምንት ዓመቷ የአራት ልጆች እናት፣ ሃያ ስምንት ልጆች ያላት የአራት ዓመት ሕፃን ሆና ስታልፍ፣ እኔ ለሕፃኗ እያዘንኩ ወረቀት እጽፍላታለሁ።

አሥራ አንድ ሰው እንዲህ አሳለፍኩ። ከዚያ «አንድ ትንሽ ልጅ እችላለሁ» ብላ ያስመዘገበች የመርሳ ሴት፣ ጺማም ሰውዬ እጁን ይዛ እየጎተተች ግቢው ገባች።

«እንካ ልጅህን» አለችኝ።

ወይ ጉድ! ወረቀቱን አየሁት። ዕድሜ ሁለት። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። ሰውየው «ወረቀቱን አምኜ ነው» ብሎ ጫማውን እያየ ቆመ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየተከተለ በመርሳ የተበተኑት ሁሉ ተመለሱ። እዚያው ቁጭ ብዬ የአንዲት መስመር ቦታ ብለውጥ አፑ ዳነ። የሁሉም መዝገብ ተስተካከለ። የተመለሱትን ሐጂ እንድሪስ አንድ በአንድ በቃላቸው ቤት መደቡላቸው። አንድም ሰው ደፍሮ «ማሽን አይሳሳትም ያለው ማነው?» አላለኝም፤ የቅሬ ሰው ጨዋ ነው፣ ያሳፈረኝም ጨዋነታቸው ነው። የተመለሱት አሥር ነበሩ። የሄዱት አሥራ አንድ እንደነበሩ አልቆጠርኩም።

ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዘይነባ የምትባል ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ መጣች። ከእግር እስከ ራሷ አቧራ ናት። ከቆቦ ሲወጡ ግርግሩ ላይ አባቷ በአንድ መኪና፣ እሷ በሌላ መኪና ተጫኑ። ስልክ የለ፣ ኔትወርክ የለ። ወልድያ ፈልጋ አጣቻቸው። አንድ ሰው «መርሳ ቅሬው ግቢ አይቻቸዋለሁ» ብሏት ነው የመጣችው። ደሴ የሚሄደው አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ለእሷ ቦታ ተይዞላታል። ሾፌሩ ሰባት ሰዓት ላይ እንደሚነሣ፣ ነገ መንገዱ ይኑር አይኑር እንደማያውቅ ቁርጡን ነግሯታል። አባቷን ካላገኘች ወይ ጥላቸው ትሄዳለች፣ ወይ ከነልጇ ትቀራለች።

«ሼህ ይማም» አለችኝ። «ቀጭን ናቸው። ነጭ ጥምጥም አላቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው።»

«አብሽሪ! አሁን ይገኛሉ» አልኩና ስልኬን መዘዝኩ። ስማቸውን ጻፍኩ። ብቅ አሉ። ሰባ ዓመት። ሦስት ልጆች። ከቆቦ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አየሁት።

ቤት፦ አልተገኘም።

«አልተገኘም ማለት?»

«ማለት… መዝገቡ ላይ አሉ። ቤት ግን የላቸውም።»

«ታዲያ የት ነው የሚያድሩት?»

ሐጂ እንድሪስ ቀስ ብለው ከኮታቸው ኪስ ደብተሩን አወጡ። የመጨረሻው ጽሑፍ ያለበት ገጽ የእኔ አፕ ከመጣበት ዕለት በፊት ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። እሳቸው ደግሞ የዚያን ዕለት ሐሙስ ገጠር ቀብር ላይ ስለነበሩ ከሰዓት ነው የመጡት፤ ሰውየውን በዓይናቸው አላዩም።

መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ። ተራው እንደተዛባ፣ ዕድሜና የልጅ ብዛት እንደተለዋወጡ፣ አባቷ ሰባ ልጆች ያሏቸው የሦስት ዓመት ሕፃን ሆነው እንዳለፉ። ስህተቱን ሳርም ደግሞ አፑ ትክክለኛውን ዕድሜ ይዞ ቤት እንደ አዲስ እንደፈለገላቸው፣ ለሰባ ዓመት ሽማግሌ የሚሆን ቤት በመርሳም በውርጌሳም ስላልነበረ «አልተገኘም» ብሎ የቀድሞውን እንዳጠፋው። እንደምትጮህብኝ ጠብቄያለሁ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ግን አሰበች። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ።

«ሦስት ዓመት ብለህ ከሆነ የላክኸው፣ የሄዱት ሕፃን የጠየቀ ሰው ቤት ነዋ» አለች። «ማነው ሕፃን የጠየቀው?»

አፕ የሠራሁት እኔ፣ ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ! ሐጂ እንድሪስ የቤት ሰጪዎቹን ስም አፑ ከመምጣቱ በፊት በደብተሩ መዝግበውት ነበርና ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። የመርሳዎቹ ሁሉ የተላከላቸውን ሰው ያን ዕለት የመለሱ ናቸው። ከውርጌሳ ሕፃን የጠየቀ አንድ ቤት ብቻ ነበር። እትዬ ከድጃ።

«በል ውጣ» አሉኝ ሐጂ፣ አይሱዙውን እያሳዩኝ። «ራስህ ያጠፋኸውን ራስህ አምጣ።»

ውርጌሳ ደሴ መንገድ ላይ ናት፤ ሾፌሩ ለሩብ ሰዓት እቆማለሁ አለ፣ ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ የለም። ጭነቱ ላይ፣ ከፍራሽና ከፍየል መካከል ተቀምጠን ስንሄድ ዘይነባ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። «ሕፃን ጠይቀው ሽማግሌ ሲመጣባቸው አባረዋቸው ቢሆንስ?» እኔም ከመርሳ ጀምሮ ይህንኑ ነበር የማስበው። «ኢንሻአላህ አያባርሩም» አልኳት፣ አባረዋቸዋል ብዬ እያሰብኩ።

ውርጌሳ ወርደን እየጠየቅን ሮጥን። የእትዬ ከድጃ ቤት ከገበያው ኋላ ያለች አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። በሩ ላይ፣ ጥላው ሥር፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ቀጭን ሰውዬ በሁለት እጃቸው የሕፃን አጥሚት በፕላስቲክ ኩባያ ይዘው ፉት ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ዓመት ስለሚል፣ ለሕፃናት የሚታደለው ዱቄት በስማቸው ሲሰጥ ሰንብቷል።

ዘይነባ «አባዬ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ልጇን እንዳዘለች እግራቸው ላይ ወደቀች። ሼህ ይማም ኩባያውን መሬት አስቀመጡ፣ ራሷን ያዙ፣ ከንፈራቸው ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ኋላ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«መዝጋቢው አንተ ነህ አይደል?»

«ነኝ አባቴ። አፉ ይበሉኝ፣ ተሳስቼ…»

«ይሄ የእናንተ አጥሚት ጨው የለውም» አሉኝ።

እትዬ ከድጃ ከጎረቤት መጡ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ወገባቸውን በነጠላ ያሰሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ውስጥ አንዲት ጠባብ አልጋ ብቻ ናት ያለችው፤ ለዚህ ነበር ትንሽ ልጅ የጠየቁት፣ አብረዋቸው እንዲተኛ። ሽማግሌው ከመጡ ወዲህ አልጋውን ለእሳቸው ለቀው ጎረቤት ወለል ላይ ነው የሚያድሩት። ይህንን የነገሩኝ ሼህ ይማም ናቸው፣ እትዬ ከድጃ አይደሉም። መኪናው እየጮኸ ነው፤ እኔ ግን ይቅርታዬን ሳልጨርስ መሄድ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ የጠየቁት አንድ ሕፃን ነበር። እንደተሳሳትን አላወቁም እንዴ?»

«ምነው፣ ዓይን የለኝም?» አሉ። «በሩ ላይ ሲቆሙ አየሁ እኮ፤ ጺማቸው እስከዚህ ነው። ስህተት ነው ብዬ ብመልሳቸው ወዴት ልትወስዷቸው ነበር?»

ሼህ ይማም በዘይነባ ትከሻ ተደግፈው ቆሙ፤ ለእትዬ ከድጃ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ፣ ሾፌሩ በክላክሱ አሚን እያለ። አባትና ልጅ ተጫኑ፣ መኪናው ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደ። እኔ ወደ መርሳ የሚመለስ ነገር ልፈልግ ስዞር እትዬ ከድጃ ከኋላዬ ጠሩኝ። አልጋውን እያነጠፉ ነበር።

«ስማ! ሌላ ሰው ካላችሁ ዛሬውኑ ላኩልኝ» አሉ። «ዕድሜውን ግን አትጻፉት።»